የእናቴ የጠዋት ራስ ምታት ዕጢ ይሆን?

ጥያቄ፦ የ52 ዓመት እናቴን ለሁለት ወራት ያህል ራስ ምታት ንጋት ላይ ያስነሣታል፤ ስታስመልስ ትንሽ ቀለል ይላታል። ትናንት ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን ስታ ተንቀጠቀጠች፤ ጎረቤቶችም ክብሪት አሸተቷት። የአንጎል ዕጢ ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አብዛኛው ራስ ምታት ከዕጢ ጋር ግንኙነት የለውም፤ የእናትዎ ሁኔታ ግን ቀጠሮ የሚጠበቅለት ስላልሆነ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዷቸው። ዕጢና በዙሪያው የሚፈጠረው እብጠት በራስ ቅል ውስጥ ያለውን ግፊት ሲጨምሩ፣ ሰው ተኝቶ ሲያድር ግፊቱ ይበልጥ ስለሚያይል ሕመሙ ንጋት ላይ ይበረታል፤ ማስመለስም ይከተላል። በጎልማሳነት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ መንቀጥቀጥ ምክንያቱ በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ መጣራት ይኖርበታል። ክብሪት ማሽተት አይጠቅምም፤ መንቀጥቀጡ ከተደገመባቸው በጎናቸው ያስተኟቸው፣ በአፋቸውም ምንም አይክተቱ። የአንድ ወገን እጅና እግር መዛል፣ የእይታ መደብዘዝ ወይም የጠባይ መለወጥ ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ በተለይ የጠባይን ለውጥ ከታማሚው ይልቅ ቤተሰብ ቀድሞ ያስተውለዋል።

ዕጢ ከአንጎል ሌላ በኅብለ ሰረሰር (በአከርካሪ ውስጥ በሚያልፈው የነርቭ ገመድ) ላይም ሊወጣ ይችላል፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ ሌሊት ሲተኙ በሚብስ የጀርባ ሕመም ይጀምራል፤ አከርካሪን የሚያጠቃ ቲቢም ሊመስለው ይችላል። እግር መስነፍ ወይም ሽንት አልወጣ ማለት ከተጨመረበት በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል።