ሚኒማ አሟልታችሁ ለቀራችሁ

ሰሞኑን አንድ ልጅ ከልምምድ በኋላ ጠጋ ብሎ «ኮች፣ ሚኒማውን ካሟላሁ ማን ይከለክለኛል?» አለኝ። ሚኒማ የምንለው ለኦሊምፒክ ለመግባት የሚጠየቀውን ሰዓት ነው። ላቡ ገና አልደረቀም። ዓይኑ ላይ ያየሁትን ነገር በደንብ አውቀዋለሁ፤ ሰዓት ይዤ መም ዳር በቆምኩባቸው ዓመታት ሁሉ ያየሁት ነው። የዚያን ዕለት በአግባቡ አልመለስኩለትም። ቤት ስገባ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን የምጽፈው ለእሱና እሱን ለምትመስሉ ልጆቼ ነው።

መልሱ አጭር ነው። ማንም አይከለክልህም፣ ግን ሦስት ሰው ሊቀድምህ ይችላል።

በኦሊምፒክ አትሌቲክስ አንድ አገር በአንድ የግል ውድድር ከሦስት አትሌት በላይ አያሰልፍም። ይህ ለብዙ አገር ጭንቀት አይደለም። አንድ ሰው እንኳ ሚኒማ ሲያሟላላቸው በደስታ የሚዘሉ አሉ። እኛ ጋ ነገሩ ሌላ ነው። ለፓሪስ 2024 የወንዶች ማራቶን ሚኒማ 2:08:10 ነበር፤ ከዚያ ሰዓት በታች የገቡት ኢትዮጵያውያን በደርዘን የሚቆጠሩ ናቸው፣ የተመዘገቡት ግን ሦስት ብቻ። ስለዚህ ሚኒማ አሟላህ ማለት ስምህ ለምርጫ ይቀርባል ማለት ነው እንጂ ተመረጥክ ማለት አይደለም። ቦታው የአገር ነው። ይህንን ገና በጠዋቱ የተረዳ ልጅ በኋላ ልቡ አይሰበርም፣ ቢሰበርም ቶሎ ይጠገናል።

ታምራት ቶላን አስቡት። በ2022 ዩጂን ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። በ2023 ደግሞ የኒውዮርክ ማራቶንን በቦታው ክብረ ወሰን አሸንፏል። ያም ሆኖ ለፓሪስ ስሙ የተጻፈው ተጠባባቂ ተብሎ ነው። ከፊቱ ቀነኒሳ በቀለ፣ ሲሳይ ለማ እና ደሬሳ ገለታ ነበሩ። ሲሳይ በዚያው ዓመት ቦስተንን ያሸነፈ ስለሆነ «እሱ ለምን ተመረጠ» የሚል ሰው አልነበረም። ከዚያ ሲሳይ ተጎዳ። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ቦታው ለታምራት ተሰጠ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ያንን ዳገት የበዛበትን የፓሪስ ጎዳና 2:06:26 ሮጦ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ወርቁን ወሰደ።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚያ ቀን ነው። እኔ የማስበው ከዚያ በፊት ስለነበሩት ሳምንታት ነው። ላይሮጠው ለሚችለው ውድድር ሌሊት ተነስቶ ረጅሙን ሩጫ እየሠራ ነበር። ማንም አያየውም፣ ጋዜጠኛ አይደውልለትም፣ እሱ ግን ኪሎ ሜትሩን ይቆጥራል። ማራቶን በሁለት ሳምንት አይዘጋጁለትም። ሲጠራ ዝግጁ የነበረው ባልተጠራበት ጊዜ ስለሠራ ነው።

እኔ ያሠለጠንኩትን የአንድ ልጅ ታሪክ ደግሞ ልንገራችሁ። ዓመቱንም ርቀቱንም አልጠራም፣ እንዲታወቅ አልፈልግም። ማጣሪያ ላይ አራተኛ ወጣ። ከሦስተኛው ጋር የነበረው ልዩነት አንድ ሰከንድ አይሞላም። በማግስቱ ልምምድ አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ስልኩን ዘጋ፣ ዕቃውን ሸክፎ ክፍለ ሀገር ወላጆቹ ጋ ገባ። ሃያ ቀን ገደማ እንዳለፈ ከሦስቱ አንዱ ተጎዳና ወጣ። ልጄ ተፈለገ፣ ተገኘም፣ ግን አቋሙ ወርዷል። አምስተኛ የወጣው ሄደ። በዚህ እሱን ብቻ አልወቅስም። ያን ዕለት ማታ እኔ ካለፉት ልጆች ጋር ስቅና ፎቶ ስነሳ ነበር። ቤቱ ድረስ ሄጄ አጠገቡ መቀመጥ ነበረብኝ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሰልጣኝ የሆናችሁ ወጣቶችም ይህን ካነበባችሁ፣ ማጣሪያው ባለቀ ማታ መጀመሪያ አራተኛውን ፈልጉት።

አሁን ስለ ሰዓቱ ራሱ ላውራ፤ ብዙ ልጅ የሚጎዳው ባለማወቅ ነው።

የማሠለጥናት አንዲት ልጅ ነበረች። ወደ አንድ የውጪ ውድድር ተላከች፣ ሮጠች፣ ከሚኒማው በታች ገባች። ስልክ ላይ ሁለታችንም አለቀስን። በኋላ ሲጣራ ውድድሩ የስፖርቱ የበላይ አካል የሆነው የዓለም አትሌቲክስ በሚያውቀው ዝርዝር ውስጥ የለም። ሰዓቷ አልተቆጠረላትም። ያን ያህል ድካም፣ ያን ያህል ተስፋ፣ በአንድ ያልተጠየቀ ጥያቄ ምክንያት ባከነ። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ማናጀር ደውሎ «ጥሩ ውድድር አግኝቻለሁ» ሲል መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ገንዘቡ አይደለም። ውድድሩ ዝርዝሩ ውስጥ አለ ወይ? ጎዳናው ተለክቶ ተረጋግጧል ወይ? ቁልቁለቱስ? ምክንያቱም ከመነሻው እስከ መድረሻው ያለው ዝቅታ በአማካይ በኪሎ ሜትር ከ1 ሜትር ከበለጠ ሰዓቱ ለማራቶን ሚኒማ አይያዝም። ቀኑስ? ለፓሪስ የማራቶን ሰዓት የሚቆጠረው እስከ ሚያዝያ መጨረሻ፣ የመም ውድድሮቹ ደግሞ እስከ ሰኔ መጨረሻ ነበር፣ ሁለቱም በፈረንጆቹ። በማግስቱ የተሮጠ ሰዓት የቱንም ያህል ቢያምር ለሌላ ጊዜ ነው።

ሁለተኛ መንገድም አለ፤ ብዙዎቻችሁ ስለሱ ስታወሩ አልሰማም። ሚኒማ ያላሟላ አትሌት በዓለም ደረጃ ሰንጠረዥ በኩል መግባት ይችላል። እዚያ የሚቆጠረው ሰዓት ብቻ ሳይሆን በየትኛው ውድድር ስንተኛ ወጣህ የሚለውም ጭምር ነው። ለ800 እና ለ1500 ሜትር ልጆች፣ ለርምጃ፣ ለአጭር ርቀት ልጆች ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ውድድር መምረጥ እንደ ልምምድ ሁሉ ሙያ ይጠይቃል።

ከፍታውን አትርሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል። ለልምምድ በረከት ነው፣ ለሰዓት ግን መከራ። የፓሪስ የወንዶች 10 ሺህ ሜትር ሚኒማ 27:00 ነበር፤ እዚህ ስታዲየም ላይ ያንን ሩጥ ብዬ ልጅ አላሰቃይም። ለዚህ ነው የቶኪዮ 2020 ኦሊምፒክ የመም ማጣሪያ ሆላንድ ሄንግሎ ላይ፣ የፓሪስ የ10 ሺህ ሜትር ማጣሪያ ደግሞ ስፔን ኔርሃ ላይ የተደረገው። ሄንግሎ ላይ የሆነውን ሳስታውስ አሁንም ሰውነቴን ይወረኛል። ለተሰንበት ግደይ የአገሯን ማጣሪያ ስትሮጥ 29:01.03 ገብታ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ለመመረጥ በሚሮጥ ሩጫ! ቶኪዮ ላይ ግን ያመጣችው ነሐስ ነው። ይህንን የምለው ላሳንሳት አይደለም፣ እግዜር ያውቃል። እኛ ጋ ማጣሪያው ራሱ ምን ያህል ኃይል እንደሚበላ እንድታዩ ነው። ሁለት ጊዜ ጫፍ ላይ መድረስ አለባችሁ፣ ጥቂት ሳምንታት ተራርቆ። ልምምዳችሁን ከአሰልጣኛችሁ ጋር ስታቅዱ ይህንን ከመጀመሪያው አስገቡት።

የምርጫው መስፈርት አንዳንዴ ይቀያየራል። አንድ ጊዜ ባለው ምርጥ ሰዓት፣ ሌላ ጊዜ በማጣሪያ። ለቶኪዮ ማራቶን ሰበታ ላይ 35 ኪሎ ሜትር ተሮጦ ነው ቡድኑ የተለየው። እኔ በበኩሌ መስፈርት ከወራት በፊት ተጽፎ ለሁሉም እኩል መነገር አለበት ባይ ነኝ፣ ይህንንም በየስብሰባው ተናግሬዋለሁ። እናንተ ግን እስኪነገራችሁ አትጠብቁ። ሄዳችሁ ጠይቁ። በወሬ የሰማችሁትን ትታችሁ ወረቀቱን አንብቡ። ቅሬታ ካላችሁ በጊዜ፣ በጽሑፍ፣ በክብር አቅርቡ። ፌስቡክ ላይ የተጻፈ ንዴት ማንንም ቡድን ውስጥ ሲያስገባ አላየሁም።

ስለ አበረታች ቅመም ምርመራ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ኢትዮጵያ በዓለም አትሌቲክስ የቁጥጥር ደረጃ ሀ ውስጥ ከተመደቡት አገሮች አንዷ ነች። ትርጉሙ ቀላል ነው። ትልቁ ውድድር ከመድረሱ በፊት ባሉት 10 ወራት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ ከውድድር ውጪ፣ ሳይነገራችሁ መመርመር አለባችሁ። ያልተመረመረ አይሮጥም፣ ንጹሕ ቢሆንም። ቶኪዮ ላይ 10 የናይጄሪያ አትሌቶች በዚህ ምክንያት ከውድድር ታግደዋል። ልጆቹ ጥፋተኛ ተብለው አልነበረም፤ ምርመራው በቁጥር ስላልሞላ ነው። እና ያላችሁበትን ቦታ አስመዝግቡ ስትባሉ እንደ አሰልቺ ወረቀት አትዩት። ሱሉልታ ብላችሁ ሞልታችሁ በቆጂ አትገኙ። በ12 ወር ሦስት ጊዜ ከጠፋችሁ ጥፋት ሆኖ ይመዘገባል። ፋርማሲ ስትገቡም «አትሌት ነኝ» በሉ፣ ሐኪምም ጋ እንደዚያው።

አንዳንዶቻችሁ «ዘመኑ ከባድ ነው» ስትሉ እሰማለሁ። እውነት ነው፣ ከባድ ነው። ግን ከእናንተ በፊት ሩጫቸው ሳይሆን ዘመናቸው የዘጋባቸው ነበሩ። ምሩጽ ይፍጠር ሙኒክ 1972 ላይ በ10 ሺህ ነሐስ አገኘ፣ 5 ሺውን ሳይሮጥ ቀረ። ቀጣዩን ሞንትሪያልን ጠበቀ። አገራችን ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ጋር ሆና ራሷን አገለለች። ሌላ አራት ዓመት። ሞስኮ 1980 ላይ ሁለቱንም ወርቅ ይዞ መጣ። ስምንት ዓመት ሙሉ አልቆመም ማለት ነው፣ አስቡት። ከእሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ሎስ አንጀለስ 1984ን እና ሴኡል 1988ን አጡ። በላይነህ ዴንሳሞ በ1988 ሮተርዳም ላይ 2:06:50 ሮጦ የዓለምን የማራቶን ክብረ ወሰን ያዘ፣ ክብረ ወሰኑ አሥር ዓመት ቆየ፣ በዚያው ዓመት ግን ኦሊምፒክ አልሄደም። በምድር ላይ ፈጣኑ ሰው ነበር። የእነዚያን ዓመታት ልጆች ሳስብ አሁንም ልቤ ይደማል። እናንተ ላይ በሩ አልተዘጋም፣ ወረፋው ነው የረዘመ።

ወረፋው ሲረዝም ደግሞ «ዜግነት ቀይር፣ በቀጥታ ትሰለፋለህ» የሚል ሰው ይመጣል። የሚሄደውን አልኮንንም፣ እያንዳንዱ የራሱን ቤት ችግር ያውቃል። ግን «በቀጥታ» የሚለው እውነት እንዳልሆነ እወቁ። በደንቡ ከማመልከቻው ጀምሮ የሦስት ዓመት ጥበቃ አለ። ሦስት ዓመት ለሯጭ ረጅም ነው።

ከዚያ ይልቅ ርቀታችሁን እንደገና እዩት። ትዕግሥት አሰፋ ሪዮ 2016 ላይ የሮጠችው 800 ሜትር ነው። በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 ጨርሳ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች፣ በፓሪስም ብር አገኘች። ሩጫ የማይሆነው ልጅም አለ፣ ይህንንም ስል አልፈራም። ሰለሞን ቱፋ ቶኪዮ ላይ የተሰለፈው በቴኳንዶ ነው። በዚያ ስፖርት በአህጉሩ ማጣሪያ በየኪሎው ሁለት ቦታ ብቻ ነው ያለው፣ እናም አሸንፎ ገባ። ጠንካራ እግርና ጠንካራ ልብ ያለው ልጅ የሚሄድበት መንገድ ከመሙ ውጪም አለ።

ያ ልጅ ትናንት ደወለልኝ። ማናጀሩ ሁለት ውድድር አቅርቦለታል፣ አንዱ የተሻለ ይከፍላል። «ኮች፣ የትኛው ነው የሚቆጠረው?» አለኝ። ስለ ብሩ ሳይጠይቀኝ መጀመሪያ ያንን ስለጠየቀኝ ደስ አለኝ። አብረን ዝርዝሩን ከፍተን አየን። ትንሽ የሚከፍለው ነበር የሚቆጠረው። ቅዳሜ ይበራል፣ እስከዚያ ሁለት ጠንካራ ልምምድ ቀርቶታል፣ ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰንዳፋ እንገናኛለን።