ሶፋ ለማዳን የድመት ጥፍር ይነቀላል?

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የእንስሳት ሐኪም መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ ዶክተር፣ የምንኖረው በደሴ ከተማ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። በጓሯችን እህል ስለምናስቀምጥ አይጥ እንዳያጠፋብን ድመት እናሳድጋለን፤ ድመቷም በዚህ በኩል አላሳፈረችንም። ሆኖም በቅርቡ የገዛነውን ሶፋ ክንዱን ቦጫጭቃ ስፖንጁን አወጣችው፤ የሁለት ዓመት ልጄም ጅራቷን ሲጎትት እጁን ቧጨረችው። አሜሪካ የምትኖረው የባለቤቴ እኅት በስልክ ስትሰማ፣ እዚያ አገር የድመት ጥፍር በሐኪም እንደሚነቀልና ከዚያ በኋላ ዕቃም ሰውም እንደማትነካ ነገረችን። ባለቤቴ ወይ ጥፍሯ ይነቀል፣ ወይ ከቤት ትውጣ ብሏል። አማቴ ደግሞ የአላህን ፍጡር ማጉደል ነውር ነው ብለው ተቆጥተዋል። ሕክምናው ጉዳት አለው? በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ማሠራትስ ይቻላል?

መልስ፦ እኅቴ፣ በቤትዎ የተነሣው ክርክር በብዙ አገሮች ሐኪሞችን ከሐኪሞች፣ ሕግ አውጪዎችንም ከእንስሳት ባለቤቶች ጋር ለዓመታት ያሟገተ ነው። እኔ በዚህ ሙግት ከአማትዎ ጋር እቆማለሁ፤ ምክንያቴን ላስረዳ።

በመጀመሪያ የሚቆረጠው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የድመት ጥፍር የሚበቅለው ከጣቷ የመጨረሻ አጥንት ላይ ነው። ስለዚህ ጥፍሩ ተመልሶ እንዳይበቅል ከተፈለገ ያ አጥንት ከመገጣጠሚያው ተቆርጦ መውጣት አለበት፤ በሰው እጅ ቢሆን እያንዳንዱን ጣት ጥፍሩ ካለበት አንጓ ላይ ቆርጦ መጣል ማለት ነው። ድመት በፊት እግሮቿ ላይ አምስት አምስት፣ በኋላ እግሮቿ ላይ አራት አራት፣ በድምሩ 18 ጥፍሮች አሏት። ቀዶ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ በፊት እግሮች ላይ ስለሚደረግ አሥር ጣቶች ይቆረጣሉ። በምላጭም ይሁን በልዩ መቁረጫ ወይም በሌዘር ቢሠራ የሚወጣው አጥንት ያው ነው። ጥፍሩን ሳይነኩ የሚያንቀሳቅሰውን ጅማት ብቻ መቁረጥ የሚባል ሌላ ዘዴም አለ። ነገር ግን ድመቷ ጥፍሯን ፍቃ ማሳጠር ስለማትችል ጥፍሩ እየረዘመና እየተጠማዘዘ መዳፏን እንዳይወጋ ባለቤቷ ዕድሜዋን ሙሉ ሲከረክምላት ይኖራል። መከርከሙ ካልቀረ ደግሞ ጅማቱን መቁረጥ ለምን አስፈለገ?

ድመት የምትራመደው በጣቶቿ ጫፍ ስለሆነ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የአቋቋሟ ሚዛን ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 በአንድ የድመት ሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት 137 ጥፍራቸው የተነቀለ ድመቶችን ጥፍራቸው ካልተነቀለ 137 ድመቶች ጋር አነጻጽሮ ነበር። ጥፍር አልባዎቹ ዘንድ የጀርባ ሕመም፣ ከተለመደው ቦታ ውጭ መሽናትና መንከስ በብዛት ተገኝቷል፤ ከእነርሱም 63 በመቶ በሚሆኑት እግር ውስጥ ተሰብሮ የቀረ የአጥንት ቁራጭ ታይቷል። አሸዋና አፈር መቆፈር የሚያማት ድመት ለስላሳ ነገር ትፈልጋለችና፣ የሚቀጥለው ጉዳት በምንጣፍዎና በዚያው በሶፋዎ ላይ ሊሆን ይችላል።

የባለቤትዎ እኅት የነገረችዎ ልማድ በእርግጥ አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የኖረ ነው፤ አሁን ግን እዚያም እየተተወ ነው። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ2019 ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ሆና ከለከለችው። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ሜሪላንድ በ2022፣ ቨርጂኒያ ደግሞ በ2024 በሕግ አግደውታል። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ1987 የተፈረመው የቤት እንስሳት ጥበቃ ስምምነት ድርጊቱን የሚከለክል ሲሆን፣ እስራኤልም በ2011 ከልክላለች። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር እንዲህ ያለው ቀዶ ሕክምና ያለ ሕክምናዊ ምክንያት እንዳይሠራ ቢመክርም የመጨረሻውን ውሳኔ ለሐኪሙ ትቶታል። ቀዶ ሕክምናውን የሚደግፉ ሐኪሞች ዋና መከራከሪያ፣ ባለቤቶች ድመቷን ሜዳ ላይ ከሚጥሏት ጥፍሯን አጥታ በቤት ብትኖር ይሻላታል የሚል ነው። ይህን መከራከሪያ አልንቀውም፤ የባለቤትዎም አማራጭ ይኸው ነውና። ነገር ግን ሰዎች ድመታቸውን ከቤት ከሚያስወጡባቸው ምክንያቶች ዋነኞቹ በየቦታው መሽናቷና መንከሷ ስለሆኑ፣ ቀዶ ሕክምናው ድመቷን ከመባረር ማትረፉ ያጠራጥረኛል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የእኛው አካባቢ ሁኔታ ነው። በዚያ አገር ጥፍሯ የሚነቀል ድመት አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜዋን በአፓርታማ ውስጥ የምትጨርስ ናት። የእርስዎ ድመት ግን ሌሊት በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ትወጣለች፣ አይጥ ታድናለች፣ ውሻ ሲያባርራት አጥር ወይም ባሕር ዛፍ ላይ ተንጠላጥላ ታመልጣለች፤ ይህን ሁሉ የምታደርገው በጥፍሯ ነው። ጥፍር የሌላት ድመት ስትፈራ የሚቀራት መከላከያ ጥርሷ ብቻ ነው፤ የድመት ጥርስ ደግሞ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ጀርሙን ወደ ሥጋ ውስጥ ጠልቆ ያስገባል። ከዚህ ሁሉ በላይ በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ አለ። በሽታው በዋናነት በውሻ ንክሻ ቢተላለፍም ድመትም በውሻ ተነክሳ ልትይዘውና ለሰው ልታስተላልፈው ትችላለች፤ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ ደግሞ የሚተርፍ የለም ለማለት ይቻላል። የሁለት ዓመት ልጅ ባለበት ቤት፣ ከጭረት ለመዳን ብሎ ድመትን ወደ መንከስ መግፋት እጅግ አደገኛ ልውውጥ ነው።

በደሴና በኮምቦልቻ ማሠራት ይቻላል ወይ ላሉት፣ በአካባቢያችን የእንስሳት ሕክምና ሥራ በአብዛኛው በከብት፣ በበግ፣ በፍየልና በጋማ ከብት ላይ ያተኮረ ነው። እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና ከሙሉ ማደንዘዣ በተጨማሪ ለብዙ ቀናት የሚሰጥ የሕመም ማስታገሻ ይፈልጋል። ቢቻልም እንኳ አልመክርዎትም። በጉጠት ወይም በምላጭ እቤት ድረስ መጥቶ እሠራላችኋለሁ የሚል ሰው ካለ ግን በራፉን አያሳልፉት።

ይልቁንስ ከዚህ የቀለለ መላ አለ። ድመት የምትቧጭረው የጥፍሯን አሮጌ ልባስ ለማራገፍ፣ ጡንቻዋን ለማፍታታትና በመዳፏ ያለውን ጠረን ለመተው ነው፤ ስለዚህ መቧጨሩን ማስቀረት አይቻልም፣ ቦታውን ማስለወጥ ግን ይቻላል። ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ግንድ በሰፊ ጣውላ ላይ አጥብቀው ያቁሙና የቃጫ ገመድ ይጠምጥሙበት፤ ገመድ ካጡ አሮጌ ጆንያ ወጥረው በምስማር ይምቱበት። ግንዱ ከተወዛወዘ ድመቷ ዳግመኛ አትጠጋውም። የሚያቆሙትም በጓሮ ሳይሆን ከተቦጨቀው የሶፋ ክንድ አጠገብ ይሁን፤ ሶፋውን ለጥቂት ሳምንታት ለስላሳ ፕላስቲክ ያልብሱት። ስትጠቀምበት ቁራሽ ሥጋ ይስጧት እንጂ ሶፋውን ስትነካ አይምቷት፤ የተመታች ድመት ይበልጥ ትቧጭራለችና።

ጥፍሯን በየሁለት ወይም ሦስት ሳምንቱ መከርከምም አለ። ስትጠግብና እንቅልፍ እንቅልፍ ሲላት ጭንዎ ላይ አስቀምጠው ጣቷን ከላይና ከታች በቀስታ ይጫኑ፤ ጥፍሩ ከሽፋኑ ይወጣል። በብርሃን ሲያዩት ሥሩ ላይ ሮዝ መልክ ያለው ክፍል ይታያል፤ ደምና ነርቭ ያለበት እርሱ ስለሆነ እንዳይነኩት። ቀጥሎ ያለውን ሾጣጣ ጫፍ ብቻ በሰው ጥፍር መቁረጫ ይቁረጡ። የመጀመሪያ ቀን ሁለት ጥፍር ከቆረጡ ይበቃል። ልጅዎን በተመለከተ ደግሞ ጅራት የተጎተተች ድመት መቧጨሯ አይፈረድባትም፤ ልጁ ትልቅ ሰው አጠገቡ ሳይኖር ከእርሷ ጋር ብቻውን አይሁን፤ እርሷም ልጁ የማይደርስበት ከፍ ያለ መሸሸጊያ ይኑራት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን በየዓመቱ ማስከተብ ደግሞ ለነገ የማይባል ነው።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነው የምጽፈው። አባቴ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ድመታቸውን ግን አጥብቀው ስለሚወዱ ከእርሷ መለየት አይፈልጉም። ለእርሳቸው ትንሽ ጭረት እንኳ ትልቅ ቁስል ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። በእንዲህ ያለው ሁኔታስ ጥፍሯን ማስነቀል አይፈቀድም?

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ሆኖም የመከላከል አቅማቸው እጅግ ለተዳከመ፣ ለምሳሌ ከኤች አይ ቪ ጋር ለሚኖሩ ሰዎች እንኳ በአሜሪካ የወጡ የሕክምና መመሪያዎች የድመትን ጥፍር ማስነቀል በጥቅሉ አይመክሩም። ከላይ እንደገለጽሁት ንክሻ ከጭረት ይከፋልና፣ በአባትዎ ላይ ደግሞ ይብሳል። ጥፍሯን እርስዎ ይከርክሙላት፤ እርሳቸው አይሞክሩት።

በጭረት ለሚተላለፈው ባክቴሪያ ዋናው ምንጭ ቁንጫ ነው፤ ድመቷ ስታክክ የቁንጫው ኩስ ጥፍሯ ሥር ይገባል። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነች ቁንጫ በቀላሉ ይራባል፤ ስለዚህ የምትተኛበትን ጨርቅ በየሳምንቱ በፈላ ውሃ ይጠቡ፣ ለድመት ተብሎ የተሠራ መድኃኒትም ከእንስሳት ሐኪም ይጠይቁ። ለከብት መዥገር የሚረጨውን ወይም ለውሻ የተዘጋጀውን መድኃኒት በድመት ላይ መርጨት ሊገድላት ስለሚችል ፈጽሞ አያድርጉት።

ከቧጨረቻቸው ወይም ከነከሰቻቸው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡት። ንክሻ ከሆነ እስኪያብጥ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷቸው፤ የስኳር ሕመምተኛ መሆናቸውንና ድመቷ የተከተበችበትን ቀን ለሐኪሙ ይንገሩ። ድመቷንም ለ10 ቀን ዘግተው ይከታተሏት፤ በእነዚህ ቀናት ጠባይዋ ከተለወጠ፣ ምራቋ ከተዝረበረበ ወይም ከሞተች ያለ ምንም መዘግየት ለጤና ተቋሙ ያሳውቁ።