ጥያቄና መልስ፦ ከመኪና ወደ መኪና በሚደረግ ቅብብሎሽ የኔትወርክ ሽፋንን ማራዘም

መላሽ፦ እንደምን ዋላችሁ። የዛሬው ርዕሳችን የኔትወርክ ታወር በማይደርስበት መንገድ ላይ ያለ ተሽከርካሪ፣ መረጃውን በሌሎች ተሽከርካሪዎች ወይም በመንገድ ዳር በተተከሉ አቀባይ ሬዲዮዎች በኩል ወደ ኔትወርክ የሚያደርስበት ዘዴ ነው። መረጃው ከአንድ ሬዲዮ ወደ ሌላው የሚተላለፍበትን እያንዳንዱን ደረጃ ሆፕ እለዋለሁ። ስትጠይቁ የመንገዱን ዓይነት፣ የተሽከርካሪዎቹን ብዛትና የምታስተላልፉትን መረጃ ጥቀሱ፤ ያለ እነዚህ የምሰጠው መልስ ግምት ብቻ ይሆናል።

የትራንስፖርት ድርጅት ሠራተኛ፦ ኢንጂነር፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ የሚያቋርጡ የጭነት መኪኖች አሉን። ወደ ሸለቆው ሲወርዱ የጂፒኤስ መከታተያቸው መረጃ መላኩን ያቆማል። መኪኖቹ እርስ በርሳቸው እየተቀባበሉ ከላይ ካለው ኔትወርክ ጋር ሊገናኙ ይችላሉ?

መላሽ፦ ጥያቄዎ የተሟላ ስለሆነ በዝርዝር እመልሳለሁ። መንገዱ ከገደሉ አፋፍ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ የሚወርደውም እየተጠማዘዘ ነው። በ5.9 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ሬዲዮ ዓለት አያልፍም፣ ተራራም አይዞርም። ስለዚህ በአንድ ኩርባ የተለያዩ ሁለት መኪኖች በመካከላቸው 200 ሜትር ብቻ ቢኖርም ላይደማመጡ ይችላሉ። በመኪኖች ብቻ ሰንሰለት ለመሥራት በየኩርባው አንድ መኪና መኖር አለበት፤ ይህንንም ማንም ዋስትና ሊሰጥዎ አይችልም።

እኔ ብሆን በቅድሚያ አብዛኛውን መንገድ ቁልቁል ከሚያይ አፋፍ ላይ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ አንድ ቋሚ አቀባይ እተክላለሁ። ቀጥሎም መረጃው በዚያው ቅጽበት መድረስ እንዳለበት ራሴን እጠይቃለሁ። አንድ የቦታ መዝገብ ከ100 ባይት አይበልጥም እንበል። በየ30 ሴኮንዱ ቢመዘገብ በአንድ ሰዓት 120 መዝገብ፣ ማለትም 12 ኪሎባይት ያህል ይሆናል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚወርድ መኪና በተመሳሳይ ፍጥነት ከሚወጣ መኪና ጋር ሲተላለፍ፣ ሬዲዮዎቹ በ200 ሜትር የሚደማመጡ ከሆነ 24 ሴኮንድ ያህል ይገናኛሉ። ለ12 ኪሎባይት ይህ ከበቂ በላይ ነው። የሚወጣው መኪና መዝገቡን ተቀብሎ፣ ተሸክሞ፣ አፋፉ ላይ ኔትወርክ ሲያገኝ ያደርስልዎታል። የቀጥታ ሰንሰለት አያስፈልግዎትም።

አንድ አባል፦ ለዚህ ሥራ የትኛው ራውተር ይሻላል?

መላሽ፦ ለየትኛው ሥራ? መንገዱን፣ ብዛቱንና የመረጃውን ዓይነት ጥቀሱ ብዬ ነበር።

የመመረቂያ ጽሑፍ ተማሪ፦ በሲሙሌሽን ኦኤልኤስአርን፣ ማለትም መረጃው በየትኞቹ ሬዲዮዎች በኩል እንደሚያልፍ የሚመርጠውን ፕሮቶኮል፣ በአራት ሆፕ ስሞክር የመኪኖቹ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር የሚደርሰው ፓኬት (የመረጃ ጥቅል) በጣም ይቀንሳል። ዶፕለር፣ ማለትም በእንቅስቃሴ ምክንያት የሚመጣው የሞገድ ፍሪኩዌንሲ ለውጥ፣ ይሆን ምክንያቱ?

መላሽ፦ አብዛኛው ሰው ዶፕለርን ይወቅሳል፤ በደሉ ግን የፕሮቶኮሉ የሰዓት ቆጣሪዎች ነው። ሁለት መኪኖች በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ፊት ለፊት ሲመጡ የሚቀራረቡት በሴኮንድ 44 ሜትር ነው። ይህ በ5.9 ጊጋኸርዝ የሚፈጥረው ዶፕለር 870 ኸርዝ ገደማ ሲሆን፣ ለተሽከርካሪዎች በተዘጋጀው የዋይፋይ ዓይነት በ802.11ፒ፣ መረጃውን በሚሸከሙት ንዑስ ሞገዶች መካከል ያለው የፍሪኩዌንሲ ርቀት ግን 156.25 ኪሎኸርዝ ነው። ረጃጅም ፓኬቶች መጎዳታቸው አይቀርም፤ ቢሆንም ያዩትን ውድቀት ይህ ብቻውን አያመጣም።

አሁን የኦኤልኤስአርን መደበኛ ቁጥሮች ይመልከቱ። መኪናው መኖሩን ለጎረቤቶቹ፣ ማለትም በቀጥታ ለሚሰሙት ሬዲዮዎች፣ የሚያሳውቅበት ሄሎ መልእክት በየ2 ሴኮንዱ ይላካል፤ ጎረቤት ከጠፋ በኋላ እስከ 6 ሴኮንድ ድረስ በሰንጠረዡ ላይ ይቆያል። ሬዲዮው 300 ሜትር የሚደርስ ከሆነ ፊት ለፊት የሚተላለፉ መኪኖች ጠቅላላ የመገናኛ ጊዜያቸው 13.5 ሴኮንድ ብቻ ነው። ከመግቢያው ላይ ለመተዋወቅ ጥቂት ሴኮንዶች ያልፋሉ። መኪናው ከራቀ በኋላ ደግሞ ፕሮቶኮሉ ለ6 ሴኮንድ፣ ማለትም ለተጨማሪ 260 ሜትር ያህል፣ በሌለ ጎረቤት በኩል ፓኬት መላኩን ይቀጥላል። በአራት ሆፕ ሰንሰለት ውስጥ አንዱ ሆፕ እንዲህ ከሆነ ሌሎቹ ሦስቱ ቢሠሩም ከንቱ ናቸው።

በአንጻሩ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱና የፍጥነት ልዩነታቸው በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሆነ መኪኖች ከሦስት ደቂቃ ተኩል በላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ ለቀጥታ ሰንሰለት ጎረቤት ሲመረጥ ርቀትን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫንና ፍጥነትን ማየት ግድ ነው። የሄሎን ጊዜ ማሳጠር ይረዳል፤ ነገር ግን መኪና ሲበዛ ቻናሉን በሄሎ ይሞላዋል። ለመንገድ የተሻለው እንደ አውሮፓው ጂኦኔትወርኪንግ በቦታ ላይ ተመሥርቶ ወደ መድረሻው የሚያቀርበውን ጎረቤት በየፓኬቱ መምረጥ ነው። ሙከራዎን አንድ አቅጣጫ ብቻ ባለው ትራፊክ ይድገሙትና ልዩነቱን ይመልከቱ።

የአይቲ ባለሙያ፦ ቢበዛ ስንት ሆፕ መጠቀም ይቻላል?

መላሽ፦ ሁለት፤ ሲቸግር ሦስት። በአንድ ቻናልና በአንድ ሬዲዮ የሚሠራ አቀባይ እየሰማ መናገር ስለማይችል ፍጥነቱ በሁለት ሆፕ በግማሽ፣ በሦስት ሆፕ ወደ ሲሶ ይወርዳል። የኤምአይቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ረጅም ሰንሰለት ቢበዛ ሩብ ያህሉን ማስተላለፍ ሲገባው፣ በዋይፋይ ደረጃው በ802.11 ያገኙት ግን አንድ ሰባተኛ ገደማ ነበር። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ሆፕ ከመቶ 90 ፓኬት ቢያደርስና የጠፋው ተደግሞ ባይላክ፣ ከአራት ሆፕ በኋላ የሚቀረው 66 ያህል ነው። ሁለት ሬዲዮ በሁለት የተለያዩ ቻናሎች ይጠቀሙ።

በጀርመን የሚሠራ አባል፦ ለዚህ ሥራ 802.11ፒ በቂ ነው። እዚህ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ስምንተኛው ትውልድ የቮልስዋገን ጎልፍ መኪና ይዞት መጥቷል።

በአሜሪካ የሚኖር አባል፦ እዚህ ግን የኮሙዩኒኬሽን ተቆጣጣሪው ኤፍሲሲ እ.ኤ.አ. በ2020 ለተሽከርካሪዎች ከተመደበው 75 ሜጋኸርዝ 45ቱን ለዋይፋይ ሰጥቶ፣ የቀረውን 30 ለተፎካካሪው የሞባይል ኔትወርክ ቴክኖሎጂ ለሲ-ቪቱኤክስ መድቧል። 802.11ፒ ያለፈበት ነገር ነው።

በጀርመን የሚሠራ አባል፦ የአሜሪካ ውሳኔ አውሮፓን አይመለከትም። በመንገድ ላይ ያሉት መኪኖች ይቆጠሩ ከተባለ፦

መላሽ፦ ይህ ክርክር ወደ ሌላ ቦታ እየወሰደን ነው። ሁለቱም በዋናነት የታሰቡት በአንድ ሆፕ ለሚተላለፍ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሽፋን ለማራዘም የሁለቱ ልዩነት ሁለተኛ ጉዳይ ነው። የሞባይል ኔትወርክ ደረጃ አውጪዎችም ስለ ሆፕ ጠንቃቆች ናቸው። የእነርሱ ኅብረት 3ጂፒፒ በሪሊዝ 16 (በ16ኛው የደረጃ እትሙ) ያወጣው አይኤቢ የተባለ የአቀባይ አሠራር ብዙ ሆፕ የሚፈቅደው ለቋሚ አቀባዮች ነው፤ በሪሊዝ 18 በተሽከርካሪ ላይ የሚጫን አቀባይ ሲጨመር ግን በእርሱ ሥር ሌላ አቀባይ እንዳይንጠለጠል ተደርጓል።

ሌላ አባል፦ በተግባር የሠራበት ቦታ አለ?

መላሽ፦ አለ። በፖርቱጋል የፖርቶ ከተማ ቬኒያም የተባለው ኩባንያ ከ600 በላይ አውቶቡሶችን፣ ታክሲዎችንና የቆሻሻ መኪኖችን አገናኝቷል። የሠራው ተሽከርካሪዎቹ በጠባብ ከተማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስለሚዞሩና በየአቅራቢያው ቋሚ የመገናኛ ነጥብ ስለነበረ ነው። ክፍት የማዕድን ማውጫዎችም ይጠቀሙበታል፤ እነርሱ ቁፋሮው ሲገፋ አቀባዩን በተሳቢ ጎትተው ቦታ ይቀይሩለታል።

የጭነት መኪና ባለንብረት፦ የሬዲዮውን ፓወር ብጨምር ሆፕ አይቀንስልኝም?

መላሽ፦ ከፓወር በፊት አንቴናውን ያስተካክሉ። በሁለት መኪኖች መካከል የገባ አንድ ከባድ መኪና ሞገዱን እስከ 20 ዴሲቤል ሊቀንሰው ይችላል፤ ይህ ማለት ከ100 እጅ አንዱ ብቻ ያልፋል። የእርስዎም ተሳቢ ኮንቴይነር ከጫነ ከጋቢናው ጣሪያ ከፍ ስለሚል፣ ጋቢናው ላይ ያለ አንቴና ከኋላ የሚመጣውን መኪና አይሰማም። አንዱን ፊት፣ ሌላውን ተሳቢው ጫፍ ላይ ያድርጉ። ፓወርና ፍሪኩዌንሲን በሚመለከት ከኢትዮጵያ ኮሙዩኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ሳያገኙ ምንም አይጨምሩ።

አዲስ አባል፦ ይቅርታ፣ አሁን ገባሁ። እስከ ስንት ሆፕ ይሄዳል?

መላሽ፦ ከላይ ተመልሷል፤ ያንብቡት። ሁለት ሬዲዮ፣ ሁለት ቻናል።

አዲስ አባል፦ በሾፌሩ ስልክ ሆትስፖትስ?

መላሽ፦ አይሆንም። ስልኩ በብረት ጋቢና ውስጥ ነው፣ አንቴናውም ትንሽ ነው።