ገጹን ቁጠሩ፦ ስለ መጻሕፍት የጠየቃችሁኝ

ለንባብ ክበባችን አባላት «ጥያቄ ካላችሁ አምጡ» ብዬ ነበር። አመጣችሁ። እኔ መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ። አሮጌ መጽሐፍም እሸጣለሁ። የምመልሰው ካነበብኩትና በእጄ ፈትቼ ከሰፋሁት ተነስቼ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። መጽሐፍ ስትገዙ ገጹን ቁጠሩ። የታተመበትንም ዓመት እዩ። ከታች ደጋግሜ ስለምለው አትሰልቹ።

ከሐዋሳ፣ መምህር፦ ጋሼ፣ የኢትዮጵያን ታሪክ ከየት ልጀምር? መጽሐፉ ብዙ ነው፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ያፈርሰዋል።

ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ክርክሩን ቀድሞ ያነባል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ያየውን ሰው አንብብ እላለሁ። ክርክሩ የትም አይሄድም።

በ«መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» ጀምር። መንግሥቱ ለማ አባታቸውን አለቃ ለማን ቁጭ አድርገው ጠየቁ፤ የተናገሩትን በቴፕ ቀዱ። መጽሐፉ በ1959 ዓ.ም. ወጣ። አለቃ ለማ የቅኔ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ረጅም ነው። አማርኛው የንግግር አማርኛ ነው፤ ሽማግሌ አጠገብህ ተቀምጦ የሚያወራህ ይመስልሃል። እኔ ሦስት ቅጂ ጠግኛለሁ። ሦስቱንም ከመስጠቴ በፊት እንደገና አንብቤያቸዋለሁ።

ቀጥሎ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ኦቶባዮግራፊ» አለልህ። ከአድዋ ማግስት በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ የተወሰዱ ሰው ናቸው። እዚያ መድፈኛነት ተማሩ። ተመልሰው የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ፤ ጣልያን ሊወረን ሲል ጄኔቭ ላይ ለአገራቸው ተሟገቱ። መጽሐፉ የታተመው ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ንዴታቸውን አይደብቁም፤ ማንን እንደማይወዱ በግልጽ ይነግሩሃል። እኔን የሚማርከኝም ይኸው ነው። የሰው ቂም ከታወቀ ቃሉን መመዘን ይቻላል።

ሦስተኛው የብላታ መርስኤ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ «የሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ» ነው። ከ1896 እስከ 1922 ያዩትንና የሰሙትን ነው የጻፉት። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ የተነሳው የሰገሌ ጦርነት በዚህ መካከል ነው። ብላታ ረጋ ያሉ ጸሐፊ ናቸው። ከተክለ ሐዋርያት ጋር ጎን ለጎን ስታነባቸው አንዱ ዘመን በሁለት ዓይን ይታይሃል።

ከዚያ በኋላ የባሕሩ ዘውዴን «የኢትዮጵያ ታሪክ ከ1847 እስከ 1983» ያዝ። ያነበብከውን ሁሉ መልክ ያስይዝልሃል። የመሬት ስሪት፣ ግብርና የቤተ መንግሥት ሥርዓት ካማረህ ደግሞ የማሕተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» አለ። መጀመሪያ የወጣው በ1942 ዓ.ም. ነው። እሱን ዳር እስከ ዳር አታነበውም፤ እንደ መዝገብ ትፈልግበታለህ። የቆየ ቅጂ ካገኘህ ገጹን ቁጠር።

ከጎንደር፦ እኔ ግን ቴዎድሮስን ያወቅሁት ከልብ ወለድ ነው። «አንድ ለናቱ»ን ወይም «የታንጉት ምስጢር»ን ያነበበ ሰው የታሪክ መጽሐፍ ምን ያደርግለታል?

ከደሴ፦ ይሄማ ስህተት ነው። አቤ ጉበኛም ሆኑ ብርሃኑ ዘሪሁን ሰው ይፈጥራሉ፤ ንግግር ይፈጥራሉ።

ከጎንደር፦ ዜና መዋዕል ጸሐፊውስ አይፈጥርም? ለንጉሥ ነው የሚጽፈው።

ከደሴ፦ እሱ ቢያንስ የነበረ ሰው ነው!

ሁለታችሁም ቆዩ። ልብ ወለዱ ፍቅሩን ይሰጥሃል፤ ፍቅር ከሌለህ ወፍራሙን የታሪክ መጽሐፍ አትጨርሰውም። ነገር ግን ከልብ ወለድ ያገኘኸውን ንግግር «ቴዎድሮስ እንዲህ አለ» ብለህ ጉባኤ ላይ አትጥቀስ። የተክለ ጻድቅ መኩሪያን «አፄ ቴዎድሮስና የኢትዮጵያ አንድነት» አንብብ። ስለ ዮሐንስና ስለ ምኒልክም በዚሁ መንገድ ጽፈዋል። ሦስቱን በተርታ አንብበህ ና፤ ያኔ እንወያያለን።

ከአዳማ፦ አንድ ጥሩ መጽሐፍ ይጠቁሙኝ።

ለማን? ለምን? ምን አንብበህ ወደድክ? ይህ ሐኪም ቤት ገብቶ «መድኃኒት ስጡኝ» እንደ ማለት ነው። አስበህ ተመለስ።

ከጅማ፣ ተማሪ፦ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሁሉም ያወራዋል። አሁንም መነበብ አለበት? በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ።

የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ያልማረከው የለም። ቢሆንም መስማትና ማንበብ ይለያያሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያወጡት ይህ መጽሐፍ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ብቻ አይደለም። የአገሩን ልማድ የሚተቸው ጉዱ ካሣ ሲናገር ቆም እያልሽ አንብቢ። በጆሮ ሲሆን ንግግሩ ያልፍሻል፤ በዓይን ሲሆን ተመልሰሽ ታነቢዋለሽ። አንብቢው።

ከአዲስ አበባ፣ ሰዓሊ፦ ስለ ብራና አሠራርና ስለ ጥረዛ የሚያስተምር መጽሐፍ አለ? እጄ ይሠራል፤ ዕውቀቱ ግን የለኝም።

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር።

መጽሐፍ አለ። ሥርግው ሀብለ ሥላሴ ስለ ኢትዮጵያ መጻሕፍት አሠራር በእንግሊዝኛ ጽፈዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ወጥቷል። ገበያ ላይ አትልፋ። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሂድ፤ ወመዘክርም (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን) ጠይቅ። ስታነብ ግን እጅህ ሥራ አይፍታ።

ባጭሩ እንዲህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የፍየል ቆዳ ነው። ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ በእንጨት ላይ በገመድ ይወጠራል። ሥጋውና ስቡ ይፋቃል፤ ጠጉሩም ይነሳል፤ በሸካራ ድንጋይ ይታሻል። እንደ ተወጠረ መድረቅ አለበት። ሳይደርቅ የተፈታ ብራና ይኮማተራል፤ በኋላ ምንም ብታደርገው አይቃናም። መስመሩ በወስፌ ተወግቶ ይሰመራል። ጥቁሩ ቀለም ጥላሸት አለበት፤ ለረጅም ጊዜ ይብላላል። ቀዩ ለቅዱሳን ስምና ለአርእስት ነው። ብዕሩ መቃ ነው።

አሁን ወደ እኔ ሥራ። አራት ወይም አምስት ድርብ ቅጠል አንዱ በአንዱ ውስጥ ይታጠፋል፤ ይህ አንድ ጥራዝ ነው። «ጥራዝ ነጠቅ» ስንል የምንጠራት ጥራዝ ይህችው ናት። ጥራዞቹ እርስ በርስ እንደ ሰንሰለት ይያያዛሉ፤ ከእንጨት ገበታው ጋርም በቀዳዳ ይታሰራሉ። ሙጫ ዋና ነገር አይደለም። ለዚህ ነው የድሮ መጽሐፍ ስትከፍተው ጠፍጣፋ ሆኖ የሚተኛልህ። የዛሬው በሙጫ የተያዘ መጽሐፍ ግን አንገቱን ይሰብራል። ገበታው ወይራ ወይም ዋንዛ ይሆናል፤ በቆዳ ይለበጣል፤ ቆዳው ላይ በጋለ ብረት ሐረግና መስቀል ይደጎሳል። መጨረሻ ላይ ማኅደሩ፣ ማለት የቆዳ መያዣው፣ ይሰፋለታል። ያ ሁሉ ድካም ተሸክሞት ለሚሄድ ሰው ታስቦ ነው።

ከመጽሐፍ ይልቅ ግን ብራና ላይ በእጁ የሚጽፍ አንድ ቁም ጸሐፊ አጠገብ ስድስት ወር ተቀመጥ። ብራና ሲፋቅ ድምፁ ይለወጣል። መቼ ማቆም እንዳለብህ የሚነግርህ እሱ ድምፅ ነው። መጽሐፍ ላይ አታገኘውም።

ከመቀሌ፦ ጋሼ፣ ታሪክ ማንበብ ፈልጌ ነበር፤ ከየት ልጀምር?

ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ።

ከባሕር ዳር፦ የስለላና የወንጀል መጽሐፍ?

ማሞ ውድነህ። ብዙ ተርጉመዋል። ከዚህ በላይ በዚህ ዘርፍ አልረዳህም።

ከአዲስ አበባ፣ ተማሪ፦ «ዴርቶጋዳ»ን ለምን ማንም አይጠራውም? በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ መጽሐፍ ነክቶ የማያውቅ ጓደኛዬ ሁሉ አንብቦታል።

ከአዳማ፦ መነበቡ ሥነ ጽሑፍ አያደርገውም። አዳም ረታን አንብብ።

ከአዲስ አበባ፣ ተማሪ፦ አዳም ረታን ሃያ ገጽ አንብቤ ተውኩት። ምን ላድርግ?

ከአዳማ፦ ችግሩ አንተ ጋ ነው።

ችግሩ እሱ ጋ አይደለም። አንተ ቅድም «ጥሩ መጽሐፍ» ብለህ ጠይቀህ ዝርዝር አላመጣህም፤ አሁን ደግሞ ሰው ታሸማቅቃለህ። የ«ዴርቶጋዳ» ደራሲ ይስማዕከ ወርቁ አንባቢ አፍርቷል። እኔ ሱቅ ውስጥ አይቻለሁ፤ «ዴርቶጋዳ»ን ጨርሶ «ሌላስ?» ብሎ የመጣ ልጅ ስንት ነው። ለእሱ ቀጥሎ «ኦሮማይ»ን እሰጠዋለሁ። በዓሉ ግርማ አሥመራን ደርግ በኤርትራ ካካሄደው ከቀይ ኮከብ ዘመቻ ጋር አስቀምጧታል፤ ታሪኩም ይሮጣል። መጽሐፉ በ1975 ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በ1976 እንደ ወጣ ቀረ። ይህን እያወቅህ ስታነበው እያንዳንዱ ገጽ ይከብድሃል። አዳም ረታን ደግሞ ከአጫጭሮቹ ጀምር፤ «የስንብት ቀለማት»ን መጀመሪያ አታንሳ።

ከሪያድ፦ እዚህ የአማርኛ መጽሐፍ አናገኝም። በቴሌግራም ፒዲኤፍ እያወረድን ነው የምናነበው። ችግር አለው?

እህቴ፣ የምትሠሪበትን ሁኔታ አውቃለሁ። ማታ ደክሞሽ ስልክሽ ላይ አሥር ገጽ ማንበብሽን አልኮንንም። ፒዲኤፉን የሚሠሩትና የሚሸጡት ላይ ግን ተቆጥቻለሁ። ጸሐፊው በሕይወት ካለ እንጀራው ነው። ገጽም ይዘላሉ፤ ኅዳጉንም ይቆርጣሉ። በዓመት አንዴ ወደ አገር ቤት የሚመላለስ ሰው ካለ ሁለት መጽሐፍ አስመጪና ከጓደኞችሽ ጋር ተዋዋሱ። ከመላኩ በፊት ገጹን ይቁጠርልሽ።

ከአዳማ፦ ገጽ ቁጠሩ የሚሉት ምን ሆነው ነው?

እሺ፣ ልንገራችሁ። አንድ አሳታሚ በድጋሚ ያሳተመውን መጽሐፍ አምስት ቅጂ ገዛሁ። ሦስቱን ሸጥኩ። አራተኛውን ለራሴ ሳነብ ከገጽ 96 ወደ 113 ዘለለ። አንድ ሙሉ ጥራዝ፣ 16 ገጽ፣ የለም። ገዢዎቹን ፈልጌ አንዱን ብቻ አገኘሁት። «እኔ ደራሲው እንደዚያ አድርጎ የጻፈው መስሎኝ ነበር» አለኝ። ያ ነገር እስከ ዛሬ ያመኛል። ሰው ባልታተመ ገጽ ምክንያት ደራሲውን «አይገባም» ብሎ ይፈርድበታል።

ከቨርጂኒያ፣ የሁለት ልጆች እናት፦ ልጆቼ አማርኛ ይሰማሉ፤ ማንበብ ግን አይችሉም። ምን ልግዛላቸው?

የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ»። አንቺ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው። ግጥሙ ቤት ስለሚመታ በጆሮ ይያዛል፤ ፊደሉ በኋላ ይመጣል።

ከድሬዳዋ፦ የሴት ጸሐፊ አልጠሩም።

ልክ ነሽ፤ ቀድሜ መጥራት ነበረብኝ። የሕይወት ተፈራን «ኃሠሣ» አንብቢ። ስለ አብዮቱ ዘመን የጻፈችው የራሷ ትዝታም ወደ አማርኛ ተመልሷል። ያየውን ሰው አንብቡ ያልኩት ለዚህም ነው። የዚያ ትውልድ ታሪክ በብዛት የሚነገረው በወንዶች አፍ ነው።

ከሐረር፦ ትርጉምስ?

ነቢይ መኮንን የተረጎመው «ነገም ሌላ ቀን ነው»፤ የማርጋሬት ሚቸል «Gone with the Wind» ነው። በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ጽፎ ነው ያወጣው። እኔ በወረቀት የምኖር ሰው ነኝ፤ ያንን ሳስብ ዝም እላለሁ።

ከአዲስ አበባ፦ ቢዝነስና ራስን ስለ መለወጥ?

አላነብም። ሌላ ሰው ጠይቅ።

ከወልቂጤ፦ የምግብ አሠራር?

እናትሽን ጠይቂና በደብተር ጻፊው። ደብተሩን እኔ በነፃ እጠርዝልሻለሁ።

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ የአያቴ የብራና ዳዊት እቤት አለ። ክሩ ተበጥሶ ጥራዞቹ ተለያይተዋል። ወንድሜ በፕላስተር ልለጥፈው ይላል።

እንዳይነካው! ፕላስተሩ ሲነሳ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። በሙጫም አትሞክሩት። ፀሐይ ላይ አታስጡት። ጥራዞቹ በምን ቅደም ተከተል እንደ ተገኙ እንዳለ ተዉት፤ አታስተካክሉት። ባዶ ቅጠሎቹን እይ፤ መጀመሪያና መጨረሻው ላይ የልደት፣ የሞት፣ የመሬት ጉዳይ የጻፉበት ሊኖር ይችላል። የቤተሰብህ ታሪክ እዚያ ላይ ሊሆን ይችላልና ፎቶ አንሳው።

ዋጋ አላስከፍልህም። ሐሙስ ከሰዓት ሱቅ እገኛለሁ። በንጹሕ ነጠላ ጠቅልለህ አምጣው። በፌስታል አይሁን፤ ያልበዋል። ከቤት ከመውጣትህ በፊት ደግሞ ቅጠሉን ቁጠርና ጻፈው። እኔም ስረከብህ ፊትህ እቆጥረዋለሁ።