ድንጋዩ ውስጥ ያለው ወርቅና እጅ የሚገባው ወርቅ

ጥያቄ፦ «ቶሮንቶ ገበያ ላይ ካሉ ሁለት የወርቅ ኩባንያዎች የአንዱን አክሲዮን ልገዛ አስቤያለሁ። የአንዱ ድንጋይ በቶን 2.5 ግራም ወርቅ አለው። የሌላው 2 ግራም ነው። ሁለቱም በዓመት 2 ሚሊዮን ቶን ይፈጫሉ። ባለ 2.5ቱ አይሻልም?»

ወንድሜ፣ ሳትገዛ መጠየቅህ ደስ ብሎኛል። አንድ ቁጥር ጎድሎሃል፤ ሪከቨሪ። ወፍጮ ከገባው ወርቅ ስንት በመቶው ተለይቶ ይወጣል ማለት ነው። የቀረው ከዝቃጩ ጋር ይሄዳል።

እስቲ እናስላው። ባለ 2.5 ግራሙ 70 በመቶ ያወጣል እንበል። በዓመት 112,500 አውንስ ገደማ ያገኛል (አንድ አውንስ 31.1 ግራም ነው)። ባለ 2 ግራሙ 92 በመቶ ካወጣ ግን 118,300 ገደማ ይደርሳል። ወጪውንም አስብ። ለቁፋሮ፣ ለማጓጓዝና ለመፍጨት የሚከፈለው በቶን ነው። ወርቁ ወጣም አልወጣም ይከፈላል። ስለዚህ ሳትወጣ የቀረችው አውንስ ሁሉ የምትቀነሰው ከትርፉ ላይ ነው። በባለ 2 ግራሙ ድንጋይ የሪከቨሪ 1 በመቶ ማለት በዓመት 1,286 አውንስ ነው። አውንሱ 3,000 ዶላር ቢሸጥ ከ3.8 ሚሊዮን ዶላር በላይ!

ልዩነቱ የሚመጣው ከወርቁ አቀማመጥ ነው። ድንጋዩ ሲፈጭ የሚጋለጥ ወርቅ ሳያናይድ የሚባለው ኬሚካል ያሟሟዋል፣ ካርቦን ይለቅመዋል። ብዙ ጊዜ ከ90 በመቶ በላይ ይወጣል። ፓይራይት ወይም አርሰኖፓይራይት በሚባሉ ድኝ ያዘሉ ማዕድናት ውስጥ ከተቆለፈ ግን ሳያናይዱ አይደርስበትም። ኔቫዳ ውስጥ ካርሊን አካባቢ ያለው አንዳንዱ ድንጋይ ደግሞ የራሱ ካርቦን ስላለው የሟሟውን ወርቅ መልሶ ይወስደዋል። እንዲህ ያለውን አስቀድሞ በምድጃ መጥበስ ወይም አውቶክሌቭ ውስጥ (ሙቀትና ግፊት ያለበት ዝግ ጋን ነው) ማስገባት ያስፈልጋል። ሁለቱም ውድ ናቸው።

አንድ የሠራሁበት ወፍጮ ላይ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አየርና ውሃ የበላው ቀይ የላይኛው ድንጋይ 93 በመቶ ይሰጠን ነበር። ጉድጓዱ ሲጠልቅ የሚያብለጨልጭ ፓይራይት መጣ። ላቦራቶሪው የሚነግረን የወርቅ መጠን አልተለወጠም። ሪከቨሪው ግን 70ዎቹ ውስጥ ገባ። ባለአክሲዮኖቹ የሰሙት የላይኛውን ቁጥር ብቻ ነበር። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አንተ እንዲህ አድርግ። ካናዳ ገበያ ላይ ያሉ ኩባንያዎች ኤንአይ 43-101 በሚባለው ደንብ መሠረት ቴክኒካል ሪፖርት ያወጣሉ። ክፍል 13ን ክፈት፤ የሪከቨሪ ሙከራው እዚያ ነው። ናሙናው ከየትኛው ጥልቀት ተወሰደ? የላይኛው ኦክሳይድ (አየርና ውሃ የበላው) እና የታችኛው ሰልፋይድ (ፓይራይት ያለበት) ለየብቻ ተሞክረዋል? ማምረት የጀመረ ከሆነ የሁለት ዓመት የሩብ ዓመት ሪፖርቶቹን ጎን ለጎን አድርግ። ሪከቨሪው እየወረደ ከሆነ ምክንያቱን ፈልግ።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ። ድንጋዩን ከምሮ ሳያናይድ የሚያንጠባጥብበት ኩባንያ 60 ወይም 70 በመቶ ብቻ ቢያወጣም ሊያተርፍ ይችላል፤ አድቅቆ መፍጨት የለበትማ። እሱን ወፍጮ ካለው ጋር በሪከቨሪ አታወዳድረው። አንድ አውንስ ለማግኘት ስንት ገንዘብ እንደሚያወጣ እይ።

ባለ 2.5 ግራሙ የሰልፋይድ ሙከራውን ካላሳየ፣ እኔ ብሆን አልገዛም።