አምፔሩ ወረደ ብላችሁ አትተኙ

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ቴክኒክና ሙያ የተማረ አንድ ልጅ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ የኤሲ ማራገቢያ አየር ሲያጥረው ሞተሩ የሚስበው አምፔር ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?» አለኝ። «ይቀንሳል» አልኩት። አላመነኝም። እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ የሞጣውን ልጅ ሳስብ አመሸሁ።

ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ጥገና ክፍል አብሮኝ ይሠራ ነበር። ዝምተኛ፣ ሥራው ንጹሕ። አንድ ሚያዝያ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ እኔ ዘመድ ልጠይቅ ቡሬ ሄጄ ሳለሁ የአዳራሹ ማራገቢያ ሞተር ተቃጠለ። ተጠምጥሞ ሲገጠም አለቃው ሞተሩ የሚስበውን የኤሌክትሪክ ፍሰት፣ አምፔሩን፣ በክላምፕ ሜትር ለካ፤ ንባቡ ሞተሩ ላይ ከተጻፈው በታች ሆነ። «ጭነት የለበትም። ያቃጠለው ይኼ ልጅ ሽቦ አሳስቶ ነው» ብሎ ፈረደ። የጥገናው ዋጋ ከደመወዙ ተቆረጠ። ልጁ ሳይከራከር ልብሱን ሰብስቦ ወጣ።

ስመለስ የአየር መሳቢያውን ግሪል ፈታሁት። አዳራሹን ያደሱት ሰዎች ከኋላው ቺፑድ መትተው ግማሹን ዘግተውታል። ፊልተሩም የመጥበሻ ዘይትና የመንገድ አቧራ ተጋግሮበት እንደ ቁርበት ደርቋል። የጣናን ቆሮሶ ዓሣ ጥብስ በዳጣ ስንበላ ጢሱ ወዴት እንደሚሄድ ማን ያስባል! ቺፑዱ ተነሣ፣ የልጁ ገንዘብ ግን አልተመለሰም። አድራሻውንም የሚያውቅ አጣሁ።

ማራገቢያው የሚገፋው አየር ሲያንስ ጭነቱ ይቀላል፣ ዙሩ ትንሽ ይጨምራል፣ አምፔሩ ይወርዳል። ሜትሩን ብቻ ያየ ሰው ጤነኛ ይለዋል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ግን ያው የሚያልፈው አየር ነው፤ እሱ ሲቀር የሽቦው ቫርኒሽ ይጠቁራል፣ የኩሽኔታው ግራሶ ይደርቃል። በዚያ ላይ የሞተር አቅም በተለምዶ የሚሰላው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ገደማ ናት፤ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 በላይ። ስሱ አየራችን ሳይታፈንም የማቀዝቀዝ አቅሙ ያንሳል።

አየር ያጠረው ኤሲ ሲያቀዘቅዝ ኢቫፖሬተሩ፣ አየሩን የሚያቀዘቅዘው የቱቦ ጥቅል፣ በረዶ ይጋግራል፤ በረዶውም የተረፈችውን መንገድ ይደፍናል። ቤት በምድጃ በሚሞቅበት አገር ደግሞ አየር ያጠረውን ምድጃ እሳቱ ከልክ በላይ ያግለውና የሙቀት መቁረጫው ያጠፋዋል፤ ሲበርድ ይነሣል፣ እንደገና ይጠፋል።

የዛሬ ልጆች ለመግጠም ትፈጥናላችሁ፤ መሰላል ላይ መውጣት ግን አትወዱም። ቪዲዮ አይቶ ካፓሲተር መቀየር ለእኔ ሙያ አይደለም። እውነቱን ለመናገር ግን እኔም ስለ አዲሶቹ ባለ ኤሌክትሮኒክስ ሞተሮች የተማርኩት ከቪዲዮ ነው። የአየሩን መጠን እንዲጠብቁ የተሠሩት ሲታፈኑ ዙራቸውን ያበዛሉ፣ የሚስቡት ኃይልም ይጨምራል። «ይቀንሳል» ያልኩት ለነባሮቹ ነው፤ ለእነዚህ ተቃራኒው ነው።

ነባሩ ዓይነት ከሆነ ሞተሩን ከመፍታታችሁ በፊት ፊልተሩን አውጥታችሁ ለአፍታ አሠሩትና አምፔሩን እዩ። ከፍ ካለ ፊልተሩ አፍኖታል። ካላለ ግሪሉን ፍቱ፤ ከኋላው ምን እንደተመታ አይታወቅም። ንባቡን ከነቀኑ ጻፉና ፈርሙበት፣ ለአለቃም ስጡ። ያለ ፊልተር ግን አታቆዩት፤ አቧራው ኢቫፖሬተሩ ላይ ይለጠፋል፣ እሱን ማጠብ ደግሞ የቀን ሥራ ነው።