ቆሎ የተጠቀለለበት ውክልና

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ሽምብጥ ሰፈር ያለውን የእናትሽን ቤት ልትሸጪ ነው። ውልና ማስረጃ ስትሄጂ የመታወቂያሽ ኮፒ፣ ፎቶሽ፣ ፊርማሽና አሻራሽ እዚያው ይቀራል። «ይሄ ሁሉ ነገሬ ማን እጅ ይገባል?» ብለሻል። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ሰነድ ማረጋገጫ መስኮት ላይ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ከወጣሁ በኋላም የምኖረው ውል እየጻፍኩ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ብዙ ሰው የሚፈራው መዝገብ ቤቱን ነው። እኔ ባየሁት ግን የሰው መረጃ የሚባክነው በአብዛኛው ፋይሉ መዝገብ ቤት ከመድረሱ በፊት ነው። ኮፒ ቤት እና ውል ጸሐፊ ዘንድ።

አንድ እሁድ አመሻሽ ላይ ከልጆቼ ጋር ጣና ዳር እየተንሸራሸርን ቆሎ ገዛን። ሻጯ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችን። ቆሎው ሲያልቅ ወረቀቱን ዘረጋሁት። የውክልና ሰነድ ነው። ከታች ጥግ ላይ የመታወቂያ ኮፒ አለ። ፊቱ ጠቁሯል፤ ስሙ ከነአያቱ፣ ቀበሌው፣ የቤት ቁጥሩ፣ ስልኩ ግን ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ኮፒው ጠምሞ ስለወጣ የተጣለ መሆን አለበት። በሴትየዋ አልፈርድም፤ እሷ መጠቅለያ ነው የገዛችው። ወረቀቱን ቤት ወስጄ አቃጠልኩት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ ራሴ ስንቱን ሰው «ኮፒ አስደርገህ ና» ብዬ ከመስኮቱ መልሻለሁ! የተበላሸውን ይዘህ ውጣ ያልኩት ግን አንድም ሰው የለም።

አንቺ ይዘሽው ውጪ። ጠቁሮ የወጣም ይሁን የጠመመ፣ አንድም ገጽ ኮፒ ቤት አትተዪ።

ውሉን የሚተይብልሽ ሰው «መታወቂያሽን በቴሌግራም ላኪልኝ» ሊልሽ ይችላል። አትላኪ። ይዘሽ ሂጂና አጠገቡ ተቀመጪ። ብዙዎቻችን ውል ጸሐፊዎች ስንጽፍ የቀደመውን ደንበኛ ውል ከፍተን ስም እየቀየርን ነው። አንዴ መስኮቴ ላይ የቀረበ የቤት ሽያጭ ውል፣ ገዢው ገጽ 1 ላይ አንድ ሰው፣ ገጽ 3 ላይ ሌላ ሰው ሆኖ አገኘሁት። የመታወቂያ ቁጥሩም የዚያ የሌላው ሰው ነበር። ያ ምስኪን ስሙ የማያውቀው ሰው ውል ውስጥ መግባቱን እስከ ዛሬ አያውቅም። ስለዚህ ያንቺ ታትሞ ሲያልቅ «ፋይሉን አጥፋልኝ፣ ከሪሳይክል ቢንም አውጣልኝ» በይው። ቅጂ ከፈለግሽ የራስሽን ፍላሽ ይዘሽ ሂጂ።

ደላላውስ? መታወቂያሽን ማየት ከፈለገ አሳይው፤ ኮፒ ግን አትስጪው። ገዢው ባንክ ወይም ሌላ ቦታ የሚያቀርበው ኮፒ ከጠየቀሽ፣ ፊትሽና ቁጥሩ ሳይሸፈን ባዶው ቦታ ላይ «ለዚህ ቤት ሽያጭ ብቻ» ብለሽ ቀኑን ጻፊበት። ስልክ ቁጥርሽንም ውሉ ውስጥ ካላስገባሁ ብሎ የሚሟገት ጸሐፊ ካለ ምክንያቱን ጠይቂው። ውሉ የብዙ ሰው እጅ ላይ ነው የሚዞረው።

አሁን ወደ መስኮቱ እንምጣ። ትልቁ መዝገብ ተዘርግቶ «እዚህ ላይ ፈርሚ» ትባያለሽ። ከአንቺ መስመር በላይ የአምስት ስድስት ሰው ስምና መታወቂያ ቁጥር ተደርድሯል። ሰው ፈርሞ እስክሪብቶውን እስኪመልስ ድረስ ዓይኑ ወደ ላይ ይሄዳል። አንድ ቀን አንዱ ስልኩን አውጥቶ ገጹን ፎቶ ሲያነሳ ያዝኩት። እንዲያጠፋው አደረግኩና በማግስቱ ከካርቶን መሸፈኛ ቆረጥኩ፤ መሐሉ ላይ አንድ መስመር ብቻ የሚያሳይ ክፍተት ያለው። እስክወጣ ድረስ የሠራሁት በእሱ ነው። ሐሳቡን ያገኘሁት ካሊፎርኒያ ኖተሪ (ሰነድ አረጋጋጭ) ከሆነችው የአክስቴ ልጅ ነው። እዚያ ሕጉ መዝገቡ ተቆልፎበት በኖተሪዋ ቁጥጥር ሥር ብቻ እንዲቀመጥ ያዛል። አንድ ሰው ከመዝገቡ ላይ ኮፒ ቢፈልግ የተዋዋዮቹን ስም፣ የሰነዱን ዓይነት፣ ወሩንና ዓመቱን ጠቅሶ በጽሑፍ ይጠይቃል። የሚሰጠውም የጠየቀው መስመር ብቻ ነው። እዚህ የምትፈርሚበት መዝገብ መሸፈኛ ከሌለው ደግሞ «እባክዎ የላይኛውን በወረቀት ይሸፍኑልኝ» በይ። ነውር የለውም። የሚቆጣ ባለሙያ ካለ ጥፋቱ የእሱ ነው።

መዝገቡ ላይ ያለውን «አጥፉልኝ» ማለት ግን አትችዪም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 1723፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ቅጂው እዚያ መቅረቱ ነገ ለሚነሳ ክርክር አንቺንም ይጠብቅሻል። መብትሽ ሌላ ቦታ ነው ያለው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የተሰበሰበ መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውልና ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሰበሰብ ይላል። አሻራን ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ከሚፈልጉት መረጃዎች ይመድበዋል። ይሄ ተገቢ ነው፤ ስልክ ቁጥር ይቀየራል፣ አሻራ ከየት ይቀየራል? መረጃሽ ያለአግባብ እንደወጣ ካወቅሽ አቤት የሚባለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ዘንድ ነው።

ምስክሮችሽንም አትርሺ። እነሱ ለውለታ ብለው ነው የሚመጡት፤ ቤቱ ተሸጠ አልተሸጠ የሚያገኙት ነገር የለም። የእነሱም መታወቂያ ግን ኮፒ ይደረጋል። ከአባይ ማዶ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታቸውን ሊመሰክሩ መጥተው፣ ሲወጡ መታወቂያቸው ኮፒ ማሽኑ ክዳን ሥር ቀርቶ ነበር። ያገኘው ቀጥሎ የገባው ሰው ነው። ደግ ሰው ሆኖ ሮጦ ደረሰባቸው። ከኮፒ ቤት ከመውጣትሽ በፊት ክዳኑን ራስሽ አንሺና እዪ።

የውሉን ረቂቅ እንዳነብልሽ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ስሙንና ቁጥሩን ሁሉ አውጥተሽ በነጥብ ተኪው፤ እኔ የማየው አንቀጾቹን ነው።